አውቶማቲክ ፎር ዊል ወይስ ማንዋል? ለክረምት መንገድ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ ሁሉ

 

ሰሞኑን ስልኬ እረፍት አጥቷል። የእህቴ ባል ከዚሁ ከቤር ሼቫ ደወለ፣ የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ ደወለ፣ አጎቴ ደግሞ ከጎንደር ደወሉ። ሦስቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ የጠየቁኝ ነገር አንድ ነው፤ "አንተ መካኒክ አይደለህ? ፎር ዊል መኪና ልንገዛ ነው፤ አውቶማቲኩ ይሻላል ወይስ ማንዋሉ?" ለሦስቱም ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠሁ። የእህቴ ባል ይህን ሲሰማ "ለሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ትናገራለህ፣ አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ፖለቲከኛ?" ብሎ ተቆጣኝ። እንግዲያው ሁሉንም በአንድ ላይ ልጻፈውና ማንም ቅር አይበለው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ለማታውቁኝ ማንነቴን በአጭሩ ልናገር። በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በ14 ዓመቴ ከጎንደር መጣሁ። በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተማርኩ፣ በሠራዊቱም ውስጥ ሥራዬ ከመኪና ጋር ነበር፣ ዛሬም እጄ ከግራሶ አይለይም። ምሁር ስላልሆንኩ የምጽፈው በእጄ የነካሁትን ነው። ስሳሳት ደግሞ አርሙኝ።

መጀመሪያ ስለ ክረምቱ እንነጋገር። እኛ አገር ክረምት ሲባል ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ ያለው ዝናብና ጭቃ ነው። እዚህ ደግሞ ክረምቱ የሚገባው ሲግድ አካባቢ ሲሆን እስከ መጋቢት ይቆያል። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ ቤር ሼቫ ግን 200 ገደማ ብቻ። "ታዲያ ለዚህች ጠብታ ምን ፎር ዊል ያስፈልጋል?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ልጅ ሆኜ ስመጣ እንደዚያ ብዬ ስቄ ነበር!

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የእኛ የሰሜን ነገቭ አፈር ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አፈር ነው። ዝናብ ሲመታው ላዩ ልስን እንደተቀባ ወለል ይደፈንና ውሃውን አልጠጣም ይላል። ውሃው እንግዲህ የት ይሂድ? ወደ ደረቁ ወንዝ ነው የሚሮጠው። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በኬብሮን ተራሮች ላይ የጣለው ዝናብ ቁልቁል ተንደርድሮ እኛ ዘንድ መድረሱ ነው። ዕብራይስጡ "ሺታፎን" ይለዋል፣ እኛ ደራሽ ጎርፍ እንላለን። ደራሽ የሚለው ቃል እንዴት ትክክል ነው! ሳይጠሩት ይደርሳልና። በዚህ ላይ በጋውን ሙሉ በአስፋልቱ ላይ የተከማቸው ዘይትና አቧራ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። አደጋው የሚጀምረው ያኔ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ሰዎች አንድ አድርገው የሚያወሯቸው ሁለት ነገሮች አሉ፣ እነሱን እንለያቸው። አንዱ ካምቢዮው ነው፤ ማርሹን የምትቀይረው አንተ ነህ ወይስ መኪናው ራሱ? ሌላው ፎር ዊሉ ነው፤ ጉልበቱ ወደ አራቱም ጎማ እንዲሄድ የሚወስነው ማነው? አንተ ወይስ መኪናው? እነዚህ ሁለቱ የግድ አብረው አይሄዱም። እዚህ አገር ወጣቶች የሚወዷትን ትንሿን ሱዙኪ ጂምኒ ተመልከቱ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ጂምኒ አለች፣ ፎር ዊሏን የምታስገባው ግን አንተ ነህ። የድሮዎቹ ሱባሩ ፎሬስተሮች ደግሞ ማርሹን በእጅህና በፍሪሲዮን እየቀየርክ ፎር ዊሉን መኪናው ራሱ የሚያስተዳድርባቸው ነበሩ። ስለዚህ ሻጩ "አውቶማቲክ ነው" ሲላችሁ "የቱ? ካምቢዮው ነው ፎር ዊሉ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም አለ። እዚህ አገር ከፍ ያለ መኪና ሁሉ "ጂፕ" ነው የሚባለው። በመንገዳችን ላይ ከምታዩዋቸው ጂፖች ብዙዎቹ በፊት ጎማ ብቻ የሚሄዱ፣ ቁመት የተጨመረላቸው ተራ የቤት መኪናዎች ናቸው። አንድ የማውቀው አባት ጂፕ ገዛሁ ብለው በደስታ ጋራዥ አምጥተው አሳዩኝ። ከሥር ገብቼ ሳይ ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚወስደው ዘንግ የለም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? "መኪናው ጥሩ ነው አባባ፣ ግን አስፋልቱን አይልቀቁ" ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከሥሩ የሚያይላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ማንዋሉ ፎር ዊል እንዴት ይሠራል? አገር ቤት የምናውቀው ላንድክሩዘር ጥሩ ምሳሌ ነው። በደህናው መንገድ በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳል። ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ ከማርሹ ጎን ያለችውን ትንሿን ዘንግ ይስባል፣ የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ ላይ ይታሰራል። በድሮዎቹማ ሾፌሩ ወይ ረዳቱ ወርዶ በፊት ጎማው መሀል ያለውን ቁልፍ በእጁ ማዞር ነበረበት። በዛሬዎቹ ፒክ አፖች እንደ ኢሱዙ ዲ ማክስ ባሉት ዘንጓ በማብሪያ ተተክታለች፤ ቢሆንም የሚወስነው ሾፌሩ ስለሆነ ያው ማንዋል ነው። ሾፌሮች "ሎው" የሚሉት ከባዱ ማርሽም አለ። መኪናው እንደ በሬ ቀስ ብሎ ግን በኃይል ይጎትታል፣ ቁልቁለት ላይም ፍሬን ሳትረግጥ ሞተሩ ይዞ ያወርድሃል።

ችግሩስ? ችግሩ አስፋልት ላይ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። የፊቱና የኋላው ከታሰረ ግን እኩል ካልዞርን ብለው ይጣላሉ። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ይታረቃል፤ አስፋልት ላይ ግን ማንሸራተቻ የለም። መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይፋቃል፣ ጥርሶቹ ይሰቃያሉ። አንድ ደንበኛችን "ስታጠፍ መኪናው ይንቀጠቀጣል" ብሎ መጣ። ለካ ክረምቱን ሙሉ "ዝናብ ነውና ለጥንቃቄ" ብሎ ፎር ዊል አስገብቶ በከተማ ውስጥ ሲነዳ ከርሟል! ጥንቃቄው ብዙ ገንዘብ አስወጣው።

አውቶማቲኩ ደግሞ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ የሚሄዱት በፊት ጎማ ነው። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ራሱ ያውቅና አይናችሁን ሳትጨፍኑ ጉልበቱን ወደ ኋላም ይልካል። ሾፌሩ ምንም አይነካም፣ ምንም አያስታውስም። ግማሹ ደረቅ ግማሹ እርጥብ በሆነ መንገድ፣ ለምሳሌ በ40 ቁጥር መንገድ ከቤር ሼቫ ወደ ሚጽጴ ራሞን ስትወርዱ፣ ከዚህ የሚሻል የለም። ድክመቱ በአሸዋና በጥልቅ ጭቃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያስቸግሩት መጋሉ ነው፤ ሲግል ራሱን ለማዳን የኋላውን ይለቅና በፊት ጎማ ብቻ ይተዋችኋል። አብዛኞቹ ደግሞ ሎው የላቸውም። አሁን ከመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ለፊት አንድ ሞተር ለኋላ አንድ ሞተር ያላቸውም ከአውቶማቲኩ ወገን ናቸው።

በሠራዊቱ ውስጥ ሁለቱንም አይቻለሁ። ሱፋ የምንለው እዚሁ አገር የተሠራው ጂፕ ዘንግ የሚሳብበት ነበር። ሀመሩ ደግሞ ካምቢዮው አውቶማቲክ ሆኖ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሠራል። ሀመር ላይ አንድ ጎማ አየር ላይ ሲቀር ባዶውን ይሽከረከራል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። አዲስ ሾፌር ያኔ ነዳጅ ብቻ ይረግጣል። መፍትሄው ነዳጁን ሰጥተህ ፍሬኑን በግራ እግርህ ቀስ አድርገህ መንካት ነው፤ ያኔ ጉልበቱ መሬት ወደያዘው ጎማ ይሄዳል። ለመሄድ ፍሬን መርገጥ! ይህን የማያውቅ ሾፌር በዚያ ሁሉ ብረት ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አስተማሪያችን ሁልጊዜ "ከመግባትህ በፊት ውረድና እይ" ይለን ነበር። እንግዲህ ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። ማንዋሉ ፎር ዊል ቀድመህ እንድታስብ ይጠይቅሃል። ጭቃው ውስጥ ከመግባትህ በፊት ነው የምታስገባው፤ ከተቀበርክ በኋላ ብትስበው አራት ጎማ ይዘህ መስመጥ ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው መንገዱን የሚያውቅን ሰው ነው። አውቶማቲኩ ግን ለማያስበውም ሰው ያስብለታል። ታዲያ ጥያቄው "የቱ መኪና ይበልጣል?" ሳይሆን "ቁልፉን የሚይዘው ማነው፣ የሚሄደውስ የት ነው?" ነው።

ለአጎቴ ልጅ እንዲህ አልኩ። አጎቴ ለብዙ ዓመታት በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን እየወረዱ የጭነት መኪና ነድተዋል። ሊማሊሞን የማያውቅ ካለ፣ በጣሊያን ጊዜ ገደሉን እየፈለጡ የሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ በእኔ ልጅነት አስፋልት አልነበረም። እሳቸው ፍሬን ብቻ አምኖ ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። መኪናውን የሚፈልጉት ገጠር ለገጠር እየዞረ ለሚሠራው ልጃቸው ነው። ለእሱ ያለ ጥርጥር ማንዋል ፎር ዊል፣ ሎው ያለው፣ ካምቢዮውም የእጅ ይሁንለት። ሲበላሽ በየወረዳው የሚፈታው መካኒክ አለና። ኮምፒውተር የሚፈልግ መኪና በክረምት ጭቃ ውስጥ ቢቆም ማን ይደርስለታል? በ2024 መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ምርጫው አገር ውስጥ ካለው አሮጌ መኪና ነው። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ከሥሩ ተኝታችሁ እዩ ብያለሁ።

ለሚኒሶታዋ የአክስቴ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው አልኳት። እሷ የምትነዳው ሌሊት ከሥራ ስትወጣ፣ ደክሟት፣ አንዱ መንገድ የተጠረገ ሌላው በረዶ የጋገረበት ላይ ነው። ለእሷ አውቶማቲክ ፎር ዊል። ግን ከሱ በፊት የክረምት ጎማ! ተራው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ ይሄዳል፣ የክረምቱ ጎማ ግን በብርዱም ለስላሳ ሆኖ መሬቱን ይይዛል። ፎር ዊል ለመነሳት ነው የሚረዳው፣ ለመቆም አይደለም። እስቲ ይህችን ደግማችሁ አንብቧት። ፍሬን በማንኛውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው፤ ፎር ዊል የሌለው ጎረቤትህ እና አንተ በበረዶ ላይ የምትቆሙት በጎማችሁ ልክ ነው። እንዲያውም ባለ ፎር ዊሉ ቶሎ ስለሚነሳ መንገዱ ደህና ይመስለውና ፈጥኖ ይሄዳል፣ ፈጥኖም ይጋጫል። በዲሴምበር 2013 ኢየሩሳሌም ላይ ያ ትልቅ በረዶ ሲወርድ 1 እና 443 ቁጥር መንገዶች ተዘግተው ስንት መኪና መንገድ ላይ ቀረ! ሰዎችን ለማውጣት የሠራዊቱ ከባድ ተሽከርካሪዎች መውጣት ነበረባቸው።

እዚህ ቤር ሼቫ ላለ ቤተሰብ ደግሞ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ፣ በሲግድ ወደ ኢየሩሳሌም ለሚወጣ፣ እውነቱን ልናገርና ፎር ዊል አያስፈልግም። በብድር መጨነቅ ካልፈለጋችሁ በተራ መኪና ላይ አራት ጥሩ ጎማ አድርጉ። የእኛ ችግር ጎማ ላይ መቆጠብ ነው፤ ስንት ጊዜ ነው ጥርሱ አልቆ ሙልጭ ያለ ጎማ ያየሁት! በጎማው ቦይ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከላዩ ጋር እኩል ሲሆኑ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ እኔ ግን በክረምት ከ3 በታች አልነዳም። ጥርሱ ቢኖርም ዕድሜውን እዩ። በጎማው ጎን አራት ቁጥር አለ፤ 3521 ካለ በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የነገቭ ፀሐይ ጎማ ያደርቃል። ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ከከተማ ውጪ በቀንም መብራት ማብራት ሕግ ነው፤ መብራታችሁን ስታስፈትሹ ጎማውንም አብራችሁ አስፈትሹ።

የግድ ፎር ዊል ካላችሁ ለቤተሰብ አውቶማቲኩን ውሰዱ። ቁልፉን ሚስትም ልጅም ይይዛሉና። ልጆቻችን ፈተናቸውን በአውቶማቲክ ካምቢዮ ነው የሚፈተኑት፣ መንጃ ፈቃዳቸውም በዚያ ብቻ የተወሰነ ይሆናል፤ የእጅ ማርሽ ብትገዙ ሊነዱላችሁ አይችሉም። ማንዋል ፎር ዊል ግን በእርሻና በግንባታ ሥራ፣ አስፋልት በሌለበት ለሚውል ሰው ይሁን።

አሁን ወደ እህቴ ባል ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ብዬ ነው ብል አልዋሸሁም። ሥራው በሙት ባሕር ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነው። ባለፈው ክረምት 90 ቁጥር መንገድ በጎርፍ ተዘግቶ ሁለት ቀን ቀረ፣ አለቃውም ፊቱን አጠቆረበት። ስለዚህ በብዙ አሥር ሺህ ሼቄል ብድር ፎር ዊል ገዝቶ መንገድ ቢዘጋም በጎን ሊያልፍ አስቧል። "አንተ ወታደር ነበርክ፣ የትኛው ነው ውሃ የሚሻገረው?" አለኝ።

የትኛውም!

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጃንዋሪ፣ እናቴን ይዤ ዲሞና ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ መንገዱ በውሃ ምክንያት ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ቆመ። ያኔ ዘንግ የሚሳብበት አሮጌ ፒክ አፕ ነበረኝ። በማግስቱ ጠዋት ሥራ አለብኝ። ከሠራዊት ጊዜዬ የማውቀው የአፈር መንገድ ትዝ አለኝና ታጠፍኩ። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ላይ ኮከብ ይታያል። አንድ ደረቅ ወንዝ ጋ ስደርስ ደረቅ አልነበረም፤ ቡናማ ውሃ ይወርዳል፣ ስፋቱ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም። ጉልበት የማይደርስ መሰለኝ። "ውረድና እይ" ያለኝን አስተማሪ ረሳሁት። ዘንጓን ወደ ሎው ስቤ ገባሁ።

መሀል ላይ ስንደርስ መሪው ቀለለኝ። መካኒክ ነኝና ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎማው መሬት እየለቀቀ ነው። የኋላው ወደ ጎን መሄድ ጀመረ፣ ውሃው በበሩ ሥር ወደ እናቴ እግር ገባ። አራቱም ጎማ ይሽከረከራል፣ ሎውም አለ፣ ወታደርነትም አለ፣ ግን መሬቱ የለም! እግዚአብሔር ሲፈቅድ የኋላው ጎማ ድንጋይ ነክቶ ቆመ፤ ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ። ሞተሩን አጥፍቼ እጄን ሳየው ይንቀጠቀጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ በዚያው ቦታ ውሃው ትልልቅ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን እየጨመቀች እንዲህ አለችኝ፤ "ልጄ፣ እኛ አገር ወንዝ ሲሞላ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እስኪጎድል እንጠብቅ ነበር። እዚህ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ማሞቂያም አለው። ቁጭ ብለን ብንጠብቅ ምን ነበረበት?"

ምን ብዬ ልመልስላት? "ነገ ሥራ አለብኝ" ልበላት? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ከዚያ በኋላ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። መኪና ከባድ ቢመስልም ጎማውና ሆዱ ውስጥ አየር አለ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሚሮጥ ውሃ ብዙ ትናንሽ መኪናዎችን ያነሳል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ጂፕና ፒክ አፕን ጭምር ይዞ ይሄዳል። 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ነው! በጭለማ ደግሞ ቡናማ ውሃ ጥልቀቱን አይነግርም፣ ከሥሩ መንገዱ ተቆርጦ ይሁን አይሁን አይታይም። አፕሪል 26 ቀን 2018 በናሃል ጻፊት 10 ወጣቶች በደራሽ ጎርፍ አለቁ። እነሱ በእግር ነበሩ፣ ገና ሠራዊት ሳይገቡ ነው የተቀጠፉት። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፣ በእግር ለመጣም በጎማ ለመጣም አያዝንም።

እኛ ስደተኞች አንድ በሽታ አለብን። አገሩ ላይ አዲስ ስለሆንን መቅረት እንፈራለን። "ሰነፍ ናቸው" እንዳይሉን፣ ሥራችንን እንዳንነጠቅ ብለን፣ የአገሩ ተወላጅ "መንገድ ተዘግቷል" ብሎ ቤቱ ሲተኛ እኛ ካልሄድን እንላለን። አባቶቻችን ግን "ወንዝ ሞላብኝ" ብለው ሲዘገዩ ማንም ሰነፍ አይላቸውም ነበር፤ እንዲያውም ጥሶ የመጣውን ነበር የሚገሥጹት። ይህን ዕውቀት አገር ቤት ጥለነው መጣን ወይ? ዝናብ እንዲመጣ እንጸልያለን፣ ሲመጣ ደግሞ ለማለፍ መንገድ መልቀቅ አለብን።

ለእህቴ ባል የሰጠሁት ምክር ይህ ነው። የብድሩን ነገር ተወው። አራት ጥሩ ጎማ ግዛ፣ በቀረው ገንዘብ ልጆችህን አስተምር። የሜትሮሎጂ አገልግሎት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ከዋዜማው ሂድና እዚያው ከሥራ ጓደኞችህ ጋር እደር። ይህም ካልሆነ ደውልና "መንገዱ ተዘግቷል" በል፤ ፖሊስ የዘጋውን መንገድ አንተ አልዘጋኸውም። አለቃ ለሁለት ቀን ፊቱን ቢያጠቁር ያልፋል። እህቴ ለዕድሜ ልኳ ጥቁር ከምትለብስ ያ አይሻልም?

መጀመሪያ ቅር ብሎት ስልኩን ዘጋ። ትናንት ማታ ግን መልሶ ደወለና "እሺ፣ የትኛው ጎማ ነው ጥሩ?" አለኝ። እሰየው! ገና ባይወስንም ጥያቄው ተቀይሯል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አውቶማቲክም ግዙ ማንዋልም ግዙ፣ በሰላም ንዱት። ወንዝ ሞልቶ ካገኛችሁት ግን ሞተሩን አጥፉና ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጉት። ቤት ደውሉና "ወንዝ ሞልቶብኛል፣ እመጣለሁ" በሉ። እናት የሚገባት ቋንቋ ነው።

ክረምቱን የበረከት ያድርግልን። መንገዳችሁን አምላክ ይጠብቅ። ሰላም ሁኑ።